የአሞሌ መንገድ፦ የሰቆጣ ገበያ ለአነስተኛ ነጋዴ ያቆየው ትምህርት

ስለ ንግድ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ትልቁ መጋዘን፣ የባንክ ሒሳብና የወደብ መርከብ ነው። የኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ ግን በአብዛኛው የትንሽ ባለ ወረት ታሪክ ነው፤ አንድ አህያ ወይም ሁለት በቅሎ ነድቶ፣ ካንዱ ገበያ ገዝቶ በሌላው የሚሸጥ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ አላስቀረም። ያተረፈበትን ዘዴም ሆነ የከሰረበትን ምክንያት ጽፎ አላወረሰም። ሆኖም የተመላለሰበት መንገድ፣ የጫነው ዕቃና የቆመበት ገበያ ስለሚታወቅ፣ ሥራው ያስተማረውን ከእነዚህ መልሶ ማንበብ ይቻላል።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ሰቆጣ የተመቸች ናት። ከላስታ በስተሰሜን፣ ከተከዜ በስተምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬም የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ እርሷ ነበረች። የቆላው ጨውና የደጋው እህል፣ ማርና ቆዳ በዚያ ይገናኙ ነበር። ገበያዋ የደመቀበት፣ የቀዘቀዘበትና ሕዝቧ ለክፉ ረሀብ የተዳረገበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከተገኘበት እስከሚፈለግበት ስፍራ ያለውን ርቀት ጭምር ነው። ርቀቱን የሚሸከም፣ የሚያውቅና ዕቃውን ከጥፋት ጠብቆ የሚያሻግር ሰው ያተርፋል። በርቀቱ ላይ ሥልጣን የሌለው አምራች ግን ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር የሌላውን ተመን ተቀባይ ሆኖ ይቀራል።

ከጨው ሜዳ እስከ ደጋ

በአፋር ምድር በአሳሌ ሐይቅ አካባቢ የሚገኘው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሰቆጣ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ አንድ አሞሌ ጨው ሰቆጣ እስኪደርስ ድረስ፣ በመካከል ያለው ቁልቁለትና ዳገት ሳይቆጠር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ይህን ሥራ የሠሩት ግመል፣ በቅሎ፣ አህያና የሰው ጀርባ ናቸው።

በጨው ሜዳው ላይ ሥራው በሙያ የተከፈለ ነው። የደረቀውን የጨው ቅርፊት ፈንቅሎ የሚያነሣው ሠራተኛ ሌላ ነው፤ የተነሣውን ጠርቦ በልክ የሚያስተካክለው ሌላ ነው፤ ገዝቶ የሚጭነውም ሌላ ነው። ከደጋ ወደ ጨው ሜዳ የሚወርደው ቅፍለት አርሆ ይባላል። በእንደርታ በኩል የጨው ቅፍለቱን የሚቆጣጠርና ቀረጡን የሚያስከፍል ሹም ነበር፤ ማዕረጉም ባልገዳ ይባል ነበር። ለአንድ ሸቀጥ ማዕረግ ያለው ሹም መመደቡ ብቻውን፣ ጨው ለመኳንንቱ ምን ያህል ታላቅ የገቢ ምንጭ እንደነበረ ያስረዳል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጨውን ያገኘው ምድርና ጨውን የፈለገው ምድር እጅግ የተራራቁ መሆናቸው ነው። በቆላው ጨው እንደ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ነገር ግን እህል የለም። በደጋው እህል አለ፤ ጨው ግን የለም። ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው ባለው መንገድ ላይ የሚኖር ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ ኬላ ጠባቂውም፣ አሳዳሪውም፣ ድርሻውን ይወስዳል። የሰቆጣ ገበያ ሀብት ይህ የመካከል ስፍራዋ ነበር።

የአልቫሬዝ ሒሳብ

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስለ ጨው ንግድ ያቆየው ቃል ለንግድ ታሪክ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። አሞሌው አንድ ስንዝር ተኩል ርዝመት፣ አራት ጣት ስፋትና ሦስት ጣት ውፍረት እንደነበረው ይናገራል። በተገኘበት ስፍራ በአንድ ድራም ወርቅ ከ100 እስከ 120 የሚደርስ አሞሌ ይገዛ ነበር። የአንድ ቀን ያህል መንገድ ርቆ በአንጎት ምድር ባለው ገበያ፣ በዚያው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ በአምስት ወይም በስድስት ቀንሷል። እንዲህ ከገበያ ገበያ እያነሰ ሄዶ፣ ከዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ ሲደርስ በአንድ ድራም ወርቅ የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነበር። በክረምት ደግሞ አምስት ሆኖ አይቷል።

ይህን በሒሳብ መልክ ላየው መሐንዲስ ነገሩ ግልጽ ነው። ከ120 ወደ ሰባት ወይም ወደ ስድስት ሲወርድ፣ የአንዱ አሞሌ ዋጋ ከ17 እስከ 20 ጊዜ ያህል አድጓል ማለት ነው። ጨው ራሱ አልተለወጠም፤ እንዲያውም በመንገድ ተሸርፎ አንሶ ይሆናል። የተጨመረው ርቀት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ማሰብ ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ከውስጡ የከብቱ ቀለብና የሰው ስንቅ አለ፤ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ አለ፤ የተሰበረውና የረጠበው ጨው አለ፤ በመንገድ የቀረው አጋሰስና ወንዝ እስኪጎድል የተጠበቀው ጊዜ አለ። በገበያና በገበያ መካከል የሚታየውን የዋጋ ልዩነት ብቻ አይቶ ወደ ንግድ የሚገባ ሰው፣ በየዘመኑ የሚከስረው ይህን ሳይቀንስ ስለሚቈጥር ነው።

አልቫሬዝ በመንገድ ያገኛቸውን ነጋዴዎችም ለይቶ ገልጿል። ሦስትና አራት መቶ የጭነት ከብት ያለው ቅፍለት የታላላቅ መኳንንት ነበር፤ እነርሱም በቤተ መንግሥት ለሚቆዩበት ወጪ በዓመት አንድ ጊዜ ያስጭናሉ። ሃያና ሠላሳ ከብት ያለው ቅፍለት የባለ አጋሰሶች ነበር። ከእነዚህ ሌላ ጨውን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ገሚሱ ለገዛ ቤታቸው፣ ገሚሱ ከገበያ ወደ ገበያ እያሻገሩ ለማትረፍ።

የጥቃቅን ንግድ ታሪክ ከዚህ ከሦስተኛው ሰው ይጀምራል። መኰንኑ በሥልጣኑ ይጠበቃል። ባለ አጋሰሱ አንድ በቅሎ ቢሞትበት ሌላ አለው። የጀርባ ተሸካሚው ግን ጉልበቱና ጥቂት ወረቱ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ እርሱ የመረጠው ስልት አጭር መንገድ መሄድና ወረቱን ቶሎ ቶሎ ማዞር ነበር። ስልቱ በቁጥር ሲታይ ከንቱ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በየዙሩ ከወረቱ አንድ አሥረኛ የሚያተርፍ ሰው ትርፉን ሳይበላ አሥር ጊዜ ቢያዞር፣ ወረቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በአንድ ረጅም ጉዞ እጥፍ የሚያተርፈውን ባለ ወረት በዚህ ይበልጠዋል።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ «ትርፉን ሳይበላ» የምትለዋ ሐረግ ከባድ ናት። የትንሽ ነጋዴ ቤተሰብ የሚበላው ከዚያው ትርፍ ነው። ከዚህም በላይ ክረምት ሲገባ ተከዜና ገባሮቹ ሲሞሉ መንገዱ ይዘጋል፤ የዙሩም ቁጥር ይወሰናል። አንድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት የብዙ ዙር ትርፍ ያጠፋል። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ትንሽ ንግድ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ትርፍ በማጣት አይደለም፤ አንድን ክፉ አጋጣሚ የሚችል መጠባበቂያ በማጣት ነው። የሲራራ ነጋዴዎች በነጋድራስ ሥር ተሰባስበው መጓዛቸው፣ ከሽፍታ ለመዳንና ከኬላ ሹም ጋር በአንድ ቃል ለመነጋገር ብቻ ሳይሆን፣ የአንዱ ጉዳት አንዱን ብቻ እንዳያጠፋው ጭምር ነበር።

የሚሰበር ገንዘብ

አሞሌ ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ከገባ በኋላም ብሩ ለትልቁ ግብይት፣ አሞሌው ለመለስተኛው ግብይት አብረው ሲያገለግሉ ኖረዋል። በብርና በአሞሌ መካከል የነበረው ምንዛሪም እንደየገበያው ርቀትና እንደየወራቱ ይለያይ ነበር። ስለዚህ በሰቆጣ ገበያ ማሩን አምጥቶ የሸጠ ገበሬ የሚቀበለው ገንዘብ ቢወድቅ የሚሰበር፣ ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ጠርዙ የሚያልቅ ነበር። ሙሉው አሞሌ ሙሉ ዋጋ አለው፤ የተሸረፈው ግን ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ለዚህም ነው አሞሌው እንዳይሰበር በልጥ ወይም በጠፍር ይታሰር የነበረው።

ይህች ጠፍር ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሆኖም ያለ እርሷ ረጅሙ መንገድ ባልተቻለ ነበር። ዕቃን ሳይጎዳ የሚያሻግር ማሰሪያ፣ ማሸጊያና ማስቀመጫ ከዕቃው የማይተናነስ ዋጋ እንዳለው የጨው ነጋዴው ያውቅ ነበር። እንደዚሁም አልቫሬዝ የጠቀሰው የክረምት ዋጋ የመጋዘንን ትርጉም ያሳያል። በበጋ ስድስት ወይም ሰባት የነበረው አሞሌ በክረምት አምስት ሲሆን፣ ጨውን ደረቅ አድርጎ ያቆየ ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ከዋጋው ከአምስት አንድ እስከ ከአምስት ሁለት እጅ የሚደርስ ጭማሪ ያገኛል። ደረቅ ጎተራ የሌለው ግን ዝናብ ሳይመጣ ባገኘው ዋጋ መልቀቅ ግዴታው ነው። እንግዲህ ርቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የቦታ፣ ሌላው የጊዜ። ትንሹ ነጋዴ የቦታውን ርቀት በጉልበቱ ይወጣዋል። የጊዜውን ግን ያለ ማከማቻና ያለ መቆያ ገንዘብ ሊወጣው አይችልም።

በዚህ ላይ መተማመን ይታከላል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አክሱም ነጋዴዎች የጻፈው ኮስማስ፣ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ሳሱ አገር ሄደው በወርቅ ሲለውጡ ቋንቋ ሳይነጋገሩ ይገበያዩ እንደነበር ተርኳል። ሻጩ ዕቃውን አኑሮ ዘወር ይላል፤ ገዢው ወርቁን ያስቀምጣል፤ ሻጩ ዋጋው ከተስማማው ያነሣል፤ ካልተስማማው ትቶ ይጠብቃል። ቋንቋ እንኳ በሌለበት ንግድ ሊኖር የቻለው፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ ሰርቆ እንደማይሄድ ስለታመነ ነው። በአማርኛ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» መባሉ ለንግድ ሰው የተነገረ ይመስላል። የነጋዴ ስም በጠፋ ጊዜ ዕቃው ድንጋይ ይሆናል።

መንገዱ ሲዞር

የሰቆጣ ጥቅም በመካከል ስፍራነቷ ላይ የቆመ ነበር ከተባለ፣ መካከሉ ሲለወጥ ምን ይሆናል? መልሱን ያመጣው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ20ኛው መጀመሪያ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱን በበሽታ ፈጅቶ ሰሜኑን አገር አራቆተ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብር አስቀረጹ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ገባ። የንግዱ ስበት ከሰሜኑ የቅፍለት ጎዳና ወደ መሐል አገርና ወደ ምሥራቁ ወደብ ዞረ፤ ጨውም ከባሕር ዳርቻ በባቡር ይገባ ጀመር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የመኪና መንገድ ነው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ከአሥመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በኮረም፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን ጎዳና ሠራ። መንገዱ ሰቆጣን በስተምዕራብ ትቷት አለፈ። የመንገድ ቀያሽ በካርታ ላይ ያሰመረው መስመር፣ ለዘመናት የኖረውን የገበያ ሥርዓት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለወጠው። በጎዳናው ላይ የወደቁት ከተሞች ሲያድጉ፣ ሰቆጣ የቅፍለት ዘመን ከተማ እንደሆነች ቀረች። አሞሌ በገጠሩ ለተጨማሪ ጊዜ ቢያገለግልም፣ ገንዘብነቱ እየደከመ ሄዶ ወደ ሸቀጥነት ብቻ ተመለሰ።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር በጨው ላይ ደርሷል። ከ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨው ገበያውን ያዘ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ደግሞ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ደንቡ ለደጋው ሕዝብ ጤና የሚበጅ ነው፤ የእንቅርት በሽታ የሚበረታው በደጋው ነውና። ቢሆንም አሞሌ ይዞ ለሚዞረው ሰው ሌላ የመንገድ መዞር ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይገኛል፦ በስፍራው ብቻ የሚያተርፍ ነጋዴ ስፍራው በሌሎች ውሳኔ ሲለወጥ ይወድቃል። በስፍራው ላይ የዕቃ ጥራት፣ የደንበኛ ዕውቀትና የታመነ ስም የጨመረ ግን፣ ወደ አዲሱ መንገድ ይዟቸው የሚሄደው ነገር አለው።

በግ ርካሽ፣ እህል ውድ

ገበያ ሲሰናከል የሚጠፋው ትርፍ ብቻ አለመሆኑን የዋግ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. አይቶታል። ያን ጊዜ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ያለ አውራጃ ነበር። ዝናብ ሲቀር ገበሬው በመጀመሪያ ያደረገው ወደ ገበያ መውጣት ነው። ፍየሉን፣ በጉን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን አቀረበ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ስለሆነ የከብት ዋጋ ወደቀ። አንድ በግ ሸጦ የሚገኘው እህል ከቀድሞው እጅግ አነሰ። ገበሬው የከሰረው ከብት ስላልነበረው አይደለም፤ የከብቱና የእህሉ ምንዛሪ ስለከዳው ነው።

አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ የሚተርክ መጽሐፉ፣ የወሎን ረሀብ በዚህ ዓይን መርምሮታል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በረሀቡ ጊዜ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይቶ፣ ችግሩ የእህል መጥፋት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ የመግዛት አቅም መውደቅ ነው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ ክርክር አስነሥቷል። ከተቃወሙት ወገኖች አንዳንዶቹ፣ በመንገድ ላይ ያለችው የደሴ ዋጋ መንገድ የሌለውን የሩቁን ገጠር ዋጋ አትናገርም ብለዋል። ለመሐንዲስ ይህ ክርክር የቅርብ ነገር ነው። ሁለት ገበያዎች በመንገድ ካልተገናኙ ሁለት ዓለም ናቸው፤ ባንደኛው እህል በመጋዘን ተቀምጦ በሌላው ሰው ይሞታል። መንገድ ብቻውንም አይበቃም፤ ገንዘብ ከሌለበት አገር እህል በዚያው መንገድ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላልና። ሰውን የሚያድነው፣ መንገዱም የመግዛት አቅሙም አንድ ላይ ሲገኙ ነው።

በጽሕፈት ቤት የተቆረጠ ዋጋ

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥርዓት የነጋዴን ብዝበዛ ለማስቀረት በሚል ገበያውን በእጁ አደረገ። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይገዛ ነበር። ነጋዴዎችም ከገዙት ከፍ ያለውን ድርሻ ለድርጅቱ እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር፤ ትርፍ አምራች በሆኑ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር ጭራሹን የግል የእህል ንግድ ታግዶ ነበር። እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው በነጻ እንዳይንቀሳቀስ በኬላ ይያዝ ነበር።

የቀድሞው ነጋዴ ሚዛን ያጭበረብር፣ በችግር ጊዜም እህል ይደብቅ እንደነበር መካድ አይቻልም። ስለዚህ እርምጃው ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ነጋዴውን ከመንገዱ ማንሣት ርቀቱን አያነሣውም። ከጎጃምና ከአርሲ ወደ ዋግ መሰል ችግረኛ አካባቢዎች እህል ያሻግሩ የነበሩት ትንንሽ እጆች ሲታሰሩ፣ ሥራቸውን ተክቶ ወደ ሩቁ ገበያ የደረሰ አልነበረም። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ዋግ በጦርነት ቀጠና ውስጥ ነበረች፤ መንገዱ በጦር፣ ገበያው በደንብ ተዘግቶ ሕዝቡ ለስደት ወጣ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ንግድ ገደቡ ተነሣ። ሦስተኛው ትምህርት እንግዲህ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ ዋጋን በወረቀት መቁረጥ ይቻላል፤ ዋጋው የተሠራበትን ድካም፣ ጥፋትና ጊዜ ግን በወረቀት ማጥፋት አይቻልም። ነጋዴን የሚያርመው ሌላ ነጋዴና ትክክለኛ ሚዛን ነው።

ማርና ዓሣ

የዋግ ኽምራ ደጋ ዛሬም የሚሸጠው አለው። ነጭ ማሩ የታወቀ ነው፤ በጎቹና ፍየሎቹም ተፈላጊ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ደግሞ ለአካባቢው ያልታሰበ ሸቀጥ አመጣ። 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው ይህ ግድብ ከኋላው ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ያሉ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ጀመሩ። ግድቡ የተነደፈው ለኤሌክትሪክ ነው፤ የዓሣ ገበያ ግን ከእርሱ ተወለደ።

ማርና ዓሣ ለገበያ ጥናት ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ማር እንደ አሞሌ ቆይታን ይችላል፤ ንጹሕ ሆኖ በደህና ዕቃ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሆኖም አብዛኛው ገበሬ ማሩን የሚሸጠው በሚቆረጥበት ወራት፣ ሁሉም በሚሸጥበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ከወራት በኋላ ሲወደድ ማሩ በነጋዴው እጅ ነው። ከሰፈፉ ጋር የተቀላቀለው ማርም ለጠጅ ጣይ ይሸጣል፤ የተጣራው በሚያገኘው ዋጋ አይሸጥም። ዓሣ በተቃራኒው ቀን አይሰጥም። በሞቃታማው የተከዜ ቆላ፣ በረዶ ከሌለ ከውኃ የወጣ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ፈላጊው በዐቢይ ጾም ወራት ይበዛል፤ ከተማው ግን ሩቅ ነው። ለዓሣ አጥማጁ ማኅበር ከመረብና ከጀልባ ባላነሰ የሚያስፈልገው በረዶና ቶሎ የሚደርስ መኪና ነው። ለአሞሌው ጠፍር የነበረችውን ያህል ለዓሣው በረዶ ነው።

በእነዚህ በሁለቱም ሸቀጦች ላይ የቀድሞው የአሞሌ ትምህርት ይሠራል። ማር አምራቾች በማኅበር ሆነው ማጣሪያ፣ ትክክለኛ ሚዛንና ማከማቻ ቢኖራቸው፣ የጊዜውን ርቀት ራሳቸው ይሸጡታል። ማኅበሩ ለአባሉ ማሩን ሲያስረክብ ከዋጋው ከፊሉን ወዲያው መክፈል ካልቻለ ግን ማከማቻው ባዶ ይቀራል፤ ዕዳና የቤት ችግር ያለበት ገበሬ ዋጋ እስኪወደድ አይጠብቅምና። ስለዚህ መጋዘን ሲሠራ አብሮ የሚሠራው የብድር መንገድ ነው። ሕንጻው ብቻ ተሠርቶ ሥራ ካልጀመረ፣ ጥፋቱ የግንቡ ሳይሆን የዕቅዱ ነው።

ይህ ሁሉ ተራ የትርፍ ጉዳይ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ የተጠራው በሰቆጣ ስም ነው። ማር የሚያመርት፣ በግ የሚያረባና በአቅራቢያው ዓሣ ያለው ሕዝብ ልጆቹ በምግብ እጥረት ሲቀነጭሩ፣ ጉድለቱን በመሬቱ ድህነት ብቻ ማሳበብ አያስኬድም። የገበያው መንገድ ጉድለትም አለበት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ጦርነት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ከአበርገሌና ከጻግብጂ አፈናቅሎ፣ ገና በመሠራት ላይ የነበረውን የመተማመንና የግብይት ሰንሰለት በጥሶታል። የተበጠሰ ገበያ እንደ ፈረሰ ድልድይ በአንድ የሥራ ዓመት አይመለስም፤ ደንበኛ፣ ዱቤና ስም ቀስ በቀስ የሚገነቡ ናቸውና።

በሙያው የተሰማራ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው በጥቂት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። መንገድ ሲቀየስ በካርታው ላይ ያሉት ከተሞች ብቻ ሳይሆኑ፣ መስመሩ የሚያልፋቸው ገበያዎች ተቆጥረዋል ወይ? ማከማቻ ሲነደፍ ዕቃውን የሚያስገባው ገበሬ እስከሚሸጥ ድረስ የሚኖርበት ገንዘብ ታስቧል ወይ? ግድብ ሲሠራ ውኃው ከኤሌክትሪክ ሌላ የሚያመጣው ሲሳይና ሲሳዩን ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ፣ በረዶና ሚዛን በዕቅዱ ውስጥ ገብተዋል ወይ? የዋግ አርሶ አደርና ነጋዴ ርቀትን በጀርባው ተሸክሞ ለመሸጥ ጉልበት አላነሰውም፤ ይህን ለዘመናት አስመስክሯል። የሚቀረው፣ በርቀቱ ውስጥ ካለው ዋጋ የሚገባውን ድርሻ ራሱ የሚይዝበትን መንገድ፣ ጎተራና ሚዛን አሟልቶ መሥራት ነው። ይህም ሥራ ከነጋዴው ይልቅ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።